የቴግዌን የፊት በር

በባሕር ዳር መንደራችን በአበርዊላን የፊት በር የሚከፈተው ለሬሳ፣ ለሙሽራና ለፓስተር ነው። ሌላው ፍጥረት ሁሉ፣ ሐኪምም ይሁን ፖስተኛ፣ በጓሮ ዞሮ «አለሽ ወይ?» እያለ ወጥ ቤት ይገባል። ሙሽራ ካየን ቆየን፤ ፓስተሩም ዘጠኝ ጸሎት ቤት በአንድ መኪና የሚያዳርስ ሰው ስለሆነ፣ ቢመጣም ሞተሩን ሳያጠፋ ነው። እንግዲህ የፊት በር ተከፍቶ መጋረጃ ከተጋረደ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ጥቁር ይለበሳል፣ የአሳማ ጭን ይቀቀላል፣ ለቅሶ ይደረሳል። የራስን ሰው ሞት በየደጁ እየዞሩ ማውራት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ በሩ ይበቃል።

ቴግዌን ፒው ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷን የኖረችው በተወለደችበት ቤት ነው፤ ወደቡ ጫፍ ላይ፣ ማዕበል ሲነሳ ውሃው መስኮቱን የሚያጥበው ቤት። የፊት በሯ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው የእናቷ ሬሳ ሲወጣ ነበር፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት። ከዚያ ወዲህ ጨው ጠጥቶ፣ አብጦ፣ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኗል። የባሏ ሬሳ የወጣው በቀጥታ ከሆስፒታል ስለሆነ በሩን ማስቸገር አላስፈለገም።

ቤቱ ግን የሷ አይደለም። የወደቡ ዳር ቤቶች ሁሉ የአንድ የቅርስ ማኅበር ናቸው። አባቷ ተከራየው፣ እናቷ ተከራየችው፣ እሷም ተከራይታ ኖረች፤ ዘንድሮ ውሉ ያልቃል። ማኅበሩ ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት ፎሴት የሚባል ሥራ አስኪያጅ ልኮብናል። ሠላሳ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ጫማው ላይ አሸዋ ያረፈበት ቀን ግን የለም።

አቶ ፎሴት በመጣ በዓመቱ አበርዊላንን ታሪካዊ አደረጋት። እስከዚያ ድረስ አሮጌ ብቻ ነበረች። የወደቡን ግንብ ተደግፈው የነበሩትን የሸርጣን ወጥመዶች ይሸታሉ ብሎ አስነሳና፣ በምትካቸው ባሕር የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ አዲስ መረብ ሰቀለ። የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ከነጭ በቀር ሌላ ቀለም እንዳይሰጣ ደብዳቤ በተነ። የቴግዌን ታላቅ ወንድም ኢድዋል ይህን የሰማ ዕለት ቀይ የውስጥ ሱሪውን ይዞ ከኮረብታው ወረደና እህቱ ገመድ ላይ ሰቅሎት ሄደ። ኢድዋል አርባ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ የሌለው ነጭናጫ ሽማግሌ ነው፤ ኮረብታው ላይ በራሱ ገንዘብ የገዛት የሲሚንቶ ቤት አለችው። ወደቡ ላይ ከነበርነው አርባ ሁለት ቤት ግን ሠላሳ አንዱ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። ብርድ ሲገባ መብራት የሚበራው በአስራ አንዱ ብቻ ነው።

በመጋቢት አንድ ቀን ፎሴት መጥቶ የፊት በሩን ሲደበድብ ቆየና፣ ቴግዌን በመስኮት ጠርታ በጓሮ አስገባችው።

«ወይዘሮ ፒው፣» አለ ሻዩን ሳይነካ፣ «የምርጥ ታሪካዊ የባሕር ዳር መንደር ውድድር ዳኞች ሊመጡ ነው። የሚፈልጉት ሕያው መንደር ነው።»

«እኛ እኮ በሕይወት አለን።»

«አዎ፣ ግን አይታይም።»

ከዚያ አንድ ሣጥን ከፈተ። ውስጡ ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ ሽርጥና እንደ ጭስ መውጫ የቆመ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ አለ። ቴግዌን የጥንት ዓሣ አጥማጅ ሚስት ሆና ምድጃው አጠገብ ትቀመጣለች፤ በሩ ክፍት ይሆናል፤ ዳኞቹ ይገባሉ።

«የፊት በሩ?» አለች ቴግዌን።

«ሌላ በር አለዎት እንዴ?»

«አያቴ እንኳ እንዲህ ያለ ባርኔጣ አድርጋ አታውቅም፣ አቶ ፎሴት።»

«ጎብኚ ግን ያውቀዋል። ባለቤትዎ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ አይደል?»

«ባሌ የጋዝ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ጀልባ ላይ ሲወጣ ያስመልሰዋል።»

«ይሄን ለዳኞቹ አንነግራቸውም፣» አለ ፎሴት። «ከወደዱት ውልዎን ለአስር ዓመት አድሳለሁ። ካልወደዱት…» ክፍሉን አልጋ ለማስገባት እንደሚለካ ሰው ዙሪያውን አየውና ፈገግ አለ።

ቴግዌን ፈራች። እናቷ የሞተችበት ክፍል እዚያው ላይ ነው፤ እሷም የምትሞትበት ሌላ ክፍል አስባ አታውቅም። ንጹሑን ኩባያ ደግማ አጠበችውና «እሺ» አለች።

ዳኞቹ ቅዳሜ ይመጣሉ የተባለው ድንገት ረቡዕ ሆነ። የፎሴት ሠራተኞች በማግስቱ ዝናብ ይመጣል ብለው ያበጠውን በር ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ልገው አላቅቀውት ስለነበር፣ በሩ ተዘጋጅቷል፤ ሰው ግን አልተነገረውም። ማለዳ ፎሴት እያለከለከ መጣ። ቴግዌን ለነፋሱ ብላ ያስገባችው የፕላስቲክ መስኮት ከውጭ እንዳይታይ መጋረጃውን ሁሉ ግጥም አድርጎ ዘጋው። የፊት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። እሷን ጥቁር በጥቁር አልብሶ ደጃፉ ላይ አቆማትና፣ ከሩቅ ሆኖ አያት።

«በጣም ጥሩ!» አለ። «ትንሽ ይዘኑ።»

አሁን ከወደቡ ማዶ ያለችውን ከይንዌንን እንይ። ከይንዌን ሱቅ አላት፤ የሱቋ መስኮት ደግሞ የቴግዌንን በር ፊት ለፊት ያያል። ጠዋት ዳቦ ስትደረድር ቀና ብትል በሩ ተከፍቷል። መጋረጃው ተጋርዷል። ቴግዌን ጥቁር ለብሳ ቆማለች። ከይንዌን ዳቦውን አስቀመጠች። ቴግዌን ቆማ ከታየች የሞተችው እሷ አይደለችም፤ ቴግዌን ደግሞ ከኢድዋል በቀር ማን አላት? ሱቁን ዘጋች፣ ጥቁር ካፖርቷን አወረደች፣ ለእሁድ የቀቀለችውን የአሳማ ጭን ከማቀዝቀዣ አወጣች። ሰው ያለባቸው የቀሩት ቤቶችም ያንኑ በር አይተው ያንኑ አሰቡ። ማን ሞተ ብሎ የደወለ አንድም ሰው የለም።

አራት ሰዓት ላይ ዳኞቹ ደረሱ። ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ይጽፋሉ፣ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሃርኮርት ትናገራለች። ቴግዌን ምድጃው አጠገብ፣ ፎሴት ከአንድ ሆቴል ተውሶ ካመጣው የሱፍ መፍተያ ጋር ተቀምጣለች። እንዴት እንደሚዞር ስለማታውቅ እጇን ብቻ ጫነችበት።

«ባለቤቷ ባሕር ላይ ናቸው፣» አለ ፎሴት በሹክሹክታ። «መመለሳቸውን እየጠበቀች ነው።»

ባሌ ከጸሎት ቤቱ ኋላ ከተቀበረ ስምንት ዓመቱ፣ አለች ቴግዌን በሆዷ፤ ይህን ያህል ከጠበቅሁት ይበቃል።

ወይዘሮ ሃርኮርት «መልካም» አለች፣ ቀዝቃዛ ሾርባ እንደቀረበለት ሰው። ሰዓቷን አየች። ከጸሐፊዎቹ አንዱ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ የተቀመጠውን የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ አነሳና «ይሄስ?» ብሎ ጠየቀ። ፎሴት ላብ አጠመቀው። ቴግዌን የፎሴትን ፊት ስታይ ቤቱ ከእጇ ሲወጣ ታያት፤ አለቀልኝ፣ አለች።

በዚህ ጊዜ ደጃፉ ጨለመ። ከይንዌን የአሳማ ጭኗን ታቅፋ፣ ዓይኗ እንደ በርበሬ ቀልቶ ገባች። ከኋላዋ ሌሎቹ ተከትለዋል፤ ወንዶቹ በጥቁር ከረባት፣ ሴቶቹ በዘቢብ ዳቦና በሳህን።

«ቴግዌን! የኔ ምስኪን!» ብላ ተጠመጠመችባት፤ ባርኔጣው ወደ አንድ ጎን ሄደ። የምትናገረው በራሳችን ቋንቋ ስለሆነ ፎሴትም ዳኞቹም አንድ ቃል አይሰሙም። «እንዴት ያለ ሰው ነበር! እንዴት ያለ ድምፅ!»

«ማን?»

«ኢድዋል ነዋ!»

ቴግዌን መፍተያውን ጭምድድ አድርጋ ያዘችው። ወዲያው ግን ትዝ አላት፤ ኢድዋል ከአንድ ሰዓት በፊት ደውሎ የቧንቧ መፍቻዬን መልሽልኝ ብሎ ጮሆባት፣ ስለ ዳኞቹ ልትነግረው ስትል ጆሮዋ ላይ ዘግቶባታል።

«ከይንዌን፣ ማንም አልሞተም።»

ከይንዌን ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ድንጋጤ ነው። እኔም እናቴ የሞተች ቀን ሻይ ታፈላልኛለች ብዬ ቁጭ ብዬ ስጠብቃት ነበር።» ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። «አይዞሽ፣ ቀስ እያለ ይገባሻል።»

«አልሞተም እያልኩሽ!»

«አልሞተም፣ አልሞተም፣ ልባችን ውስጥ አለ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆማቸው። አንዱ፣ በኢድዋል አውቶቡስ አርባ ዓመት እየዘገየ ሥራ ሲገባ የኖረው፣ ሰዓቱን አክባሪ ሰው ነበር አለ። ሌላዋ፣ ለጋስ ነበር አለች፤ ምን እንደሰጣት ግን ማስታወስ አቃታት። ከይንዌን ራሷ ባለፈው የገና በዓል የኢድዋል መዝሙር ወተት ያኮመጥጣል ያለች ሴት፣ እንዲህ ያለ ወፍራም ድምፅ ዳግመኛ አንሰማም ብላ አነባች። ወይዘሮ ሃርኮርት ዓይኗን አፍጥጣ ትመለከታለች። ከዚያ ዘመሩ። እኛ አገር አራት ሰው ከተሰበሰበ በአራት ድምፅ መዝሙር ይጀምራል፤ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ አስራ አምስት ሰው ነበረ። የመስኮቱ ፕላስቲክ ተንቀጠቀጠ።

ወይዘሮ ሃርኮርት መሐረብ አወጣች። ሁለቱ ጸሐፊዎች መጻፍ አቁመዋል።

«ይህን… ይህን ማን አዘጋጀው?» አለች እያለቀሰች።

«እኔ፣» አለ ፎሴት። ለዚህ መልስ አንዲት ሰከንድ አልፈጀበትም። ወደ ቴግዌን ጆሮ ጎንበስ ብሎም «ይቀጥሉ፣ በእግዚአብሔር ይቀጥሉ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው» አላት።

ቴግዌን በዚያች ደቂቃ ብድግ ብላ በሁለቱም ቋንቋ እውነቱን መናገር ትችል ነበር። ጎረቤቶቿ እውነተኛ እንባ እያነቡ ነው፤ ለሷ ብለው የእሁድ ምሳቸውን ይዘው መጥተዋል። ምድጃውን አየችው፤ እናቷ እግሯን የምታሞቅበትን። አፈረች፣ ግን ዝም አለች።

መዝሙሩ ሦስተኛው አንጓ ላይ ሲደርስ ኢድዋል ገባ። ያለፈ አውቶቡስ ነጂ «የእህትህ በር ተከፍቷል» ብሎት፣ ኮረብታውን በሩጫ ወርዶ፣ በዚያ ዕድሜው ፊቱ ደም መስሏል። ከረባቱን ከችኮላው የተነሳ ገልብጦ አስሮታል፤ ብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ የአሳማ ጭን አለ።

«የት አስተኛችኋት?» አለ። «አንዴ ልያት። ዛሬ ጠዋት ስለ ቧንቧ መፍቻ ጮህኩባት…» እዚያው ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

መዝሙሩ ቀጥ አለ። ከይንዌን ጮኸችና የያዘችውን ሳህን ለቀቀችው።

«ኢድዋል፣» አለች ቴግዌን ከባርኔጣው ሥር።

ኢድዋል ዞር አለ። አያት።

«አልሞትሽም?»

«አንተም አልሞትክም።»

«እኔ? እኔን ማን ገደለኝ?»

«እነዚህ ሁሉ። ድምፅህ ግሩም ነበር ብለው።»

ኢድዋል ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አያቸው። «ማነው ያለው? አንቺ ነሽ ከይንዌን? ሰባ ሦስት ዓመት በሕይወት ስኖር አንድ ቀን እንኳ አልሽኝ?» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «አንቺ ደግሞ አውልቂው ይሄን ጭስ መውጫ! ነፍሴን አወጣሽው እኮ፣ አንቺ ክፉ!» ብሎ እህቱን አንገቷን አቅፎ አልለቅ አለ።

«እኚህ ሰውዬስ ምን ሆነው ነው የሚሠሩት?» አለች ወይዘሮ ሃርኮርት።

«ሟቹ ናቸው፣» አለች ከይንዌን በቁጣ፣ በእንግሊዝኛ።

ወይዘሮ ሃርኮርት ለጸሐፊዎቹ ምልክት ሰጠች። ሁለቱም ስለ ትንሣኤ ረጅም ነገር ጻፉ።

አንደኛ ወጣን። መንደሩ መግቢያ ላይ ሰሌዳ ተተከለ፤ ፎሴት ከሰው ሁሉ ጋር እጅ ተጨባበጠ። ቃሉንም ጠበቀ፣ ውሉን ለአስር ዓመት አደሰው። አንድ ገጽ ብቻ ጨመረበት፦ ከግንቦት እስከ መስከረም፣ በየቅዳሜው በሩ ከአራት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ክፍት፣ መጋረጃው ዝግ ይሆናል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ለቅሶ ይካሄዳል። በሩ በትርኢት ቀን ከተዘጋ ውሉ በዚያው ቀን ይፈርሳል። ቴግዌን ብዕሩን ይዛ ኢድዋልን አየችው።

«ፈርሚ፣» አላት። «እኔ ሟች እሆናለሁ። ተኝቶ መሥራት ማለት አርባ ዓመት መሪ ይዤ ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው።» ፎሴት ሲወጣ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለቤትሽ ብዬ ነው። ለነሱማ ብሞትም አልሞትላቸው» አለ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ሁላችንም እየሄድን ረዳናት። ከይንዌን በየቅዳሜው ታለቅሳለች። አራተኛው ቅዳሜ ላይ አንድ ቁምጣ የለበሰ ሰው ካሜራው አልተዘጋጀም ነበርና እባክዎ እንባውን ይድገሙት አላት። እሷም የያዘችውን የዘቢብ ዳቦ በሙሉ እጁ ላይ አስቀምጣለት ወጣች፤ አልተመለሰችም። ሌላውም አንድ በአንድ ቀረ። ፎሴት አልተቸገረም፣ ከከተማ ቲያትር የሚማሩ ልጆች አመጣ፤ እነሱ ካስፈለገ ሦስቴም ያለቅሳሉ። ኢድዋል ፎሴት ባስመጣው የሬሳ ሣጥን ውስጥ ይተኛል፣ አንዳንዴም እውነቱን እንቅልፍ ይወስደውና ያንኮራፋል፤ ጎብኚው ይስቃል። በሩ እንዲህ በየሳምንቱ ሲከፈት ሲከፈት፣ ከወደቡ ማዶ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ጠፋ። ፎሴት በኋላ ላይ ከቅዳሜም አልፎ፣ ለፎቶ ያምራል እያለ በማንኛውም ቀን ያስከፍተው ጀመር።

በሐምሌ አንድ ሐሙስ ቴግዌን ምሳውን ይዛ ኮረብታውን ወጣች። ኢድዋል አልጋው ላይ ነበር፤ መነጽሩን አድርጎ፣ ጋዜጣው ደረቱ ላይ። ጠራችው። ነካችው። «ኢድዋል፣ ዛሬ ቅዳሜ አይደለም» አለችው፣ ለምን እንዳለችው እሷም አታውቅም። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ እጁን ያዘች።

ኢድዋል የተወለደው ወደቡ ቤት ነውና ሬሳውም መውጣት ያለበት ከዚያው ነው። አርብ ጠዋት የከተማው ቀባሪዎች ገንዘው በሣጥን አምጥተው ሳሎኑ ውስጥ አሳረፉት። ቴግዌን የፊት በሩን ከፈተች፣ መጋረጃውን ጋረደች፣ ጥቁሯን ለበሰች፤ የፎሴትን ሳይሆን የራሷን። ማሰሮ ሙሉ ሻይ አፈላችና ጠበቀች።

ማንም አልመጣም።

ሰው በወደቡ ዳር ያልፋል፣ በሩን ያያል፣ መንገዱን ይቀጥላል። የሬሳውን መኪና ያዩትም ፎሴት ደግሞ ዛሬ ምን አመጣ ብለው አለፉ። ከይንዌን ከሱቋ ደጃፍ እጇን አውለበለበችላት። ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቴግዌን ነውሩን ዋጥ አድርጋ ስልክ አነሳች፤ በዘር ማንዘሯ ያልተደረገ ነገር ነው።

«ከይንዌን፣ ኢድዋል ሞተ።»

ከይንዌን ሳቀች። «አውቃለሁ እኮ! በየሳምንቱ ይሞት የለ! ንገሪው፣ ነገ ደግሞ ማንኮራፋቱን ይቀንስ፣ እስከዚህ ይሰማል።» ደንበኛ መጥቶባት ዘጋችው።

ቴግዌን ስልኩን አስቀመጠች። በማንም አልተናደደችም። ለዚህ ቤት ብላ ዝም ያለችበት ያ ረቡዕ ነው የመጣባት፤ ያንን ቀን ብድግ ብላ ብትናገር ኖሮ ዛሬ ሳሎኑ መቆሚያ ባልነበረው። ያን ሌሊት ከወንድሟ ጋር ብቻዋን አደረች።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ፎሴት የቲያትር ልጆቹን አስከትሎ ደረሰ፤ ጎብኚዎቹም ከበሩ እስከ ግንቡ ተሰልፈዋል። ገና የኢድዋልን መሞት ሳትነግረው ሁለት ሰዎች ገብተው ሣጥኑ ላይ አጎነበሱ፤ አንዲት ሴትና ባሏ።

«ይሄኛው ሰም ነው፣» አለች ሴትዮዋ ቅር ብሏት። «እህቴ ባለፈው ስትመጣ እውነተኛ ሰውዬ ነበር ብላኛለች። እንዲያውም ይተነፍስ ነበር አለች።» ጣቷን ዘርግታ የኢድዋልን ጉንጭ ነካ አደረገችው።

ቴግዌን አልጮኸችም። ሴትዮዋን በክንዷ፣ ባልዮውን በኮቱ ይዛ አስወጣቻቸው። ፎሴትን ደረቱ ላይ ገፋችው። ያንን ከባድ በር በሁለት እጇ ዘጋችና መቀርቀሪያውን ጣለች። ከዚያ መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ እስከ ጥግ ከፈተቻቸው፤ የፕላስቲኩ መስኮት ለወደቡ ሁሉ ተጋለጠ፣ የሐምሌ ፀሐይም ኢድዋል ፊት ላይ አረፈች።

«ወይዘሮ ፒው!» ይላል ፎሴት ከውጭ እየደበደበ። «ውሉ! ወይዘሮ ፒው፣ ውሉ ምን እንደሚል ያውቃሉ!»

ታውቃለች። ወንበር ስባ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። የጓሮ በሩ ተበረገደና ከይንዌን በነጠላ ጫማ፣ የሱቅ ሽርጧን እንደታጠቀች ገባች።

«ምን ሆንሽ? በቅዳሜ ምድር በሩ ለምን ተዘጋ? ምን…»

ሳሎኑን አየች። ሣጥኑን፣ ፀሐይዋን፣ የኢድዋልን ፊት አየች። ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ደውለሽልኝ ነበር፣» አለች። «አምላኬ! ደውለሽልኝ ሳቅሁ።»

«ከይንዌን፣ ተነሽ።»

«ሳቅሁ እኮ! ሰው ሞተብኝ ስትዪኝ ሳቅሁብሽ!»

«ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ፣» አለች ቴግዌን፣ ያኔ ነው ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቃቅፈው የተንሰቀሰቁት። እስከ እኩለ ቀን የአስራ አንዱ ቤት ሰው በሙሉ ወጥ ቤቷ ውስጥ ነበር። ማንም ስለ ኢድዋል ድምፅ ግሩምነት አልተናገረም። መጥፎ ነበር፣ ስንዘምር ሁሌም ትንሽ ወደ ታች ይጎትተን ነበር አሉ፤ አሁን ማን ይጎትተን ብለውም አለቀሱ።

ሰኞ ቀብሩ ሆነ። ኢድዋል በፊት በር ወጣ፣ ስድስት ሰው ተሸክሞት። ቴግዌን ከኋላ ወጥታ በሩን ቆለፈች። ፎሴት ግንቡ አጠገብ ጥቁር ከረባት አድርጎ ቆሟል፤ ጨዋ ልጅ ነው ብያችኋለሁ።

«ወይዘሮ ፒው፣ በጣም አዝናለሁ» አለና ጎሮሮውን ጠረገ። «ቅዳሜ የሆነውን ማኅበሩ እንዳላየ ሊያልፈው ፈቃደኛ ነው። ውሉ እንዳለ ይቀጥላል። ብቻ… ለሚመጣው ቅዳሜ ስድሳ ሰው ተመዝግቧል። ሟች የሚሆን ሌላ ዘመድ ይኖርዎት ይሆን?»

ቴግዌን አየችው። ቤቷ፣ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እዚያው ጀርባዋ ላይ ቆሟል፤ አንዲት ቃል ብትል የሷ ነው። የቆለፈችበትን ቁልፍ መዳፉ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን ራሷ አጠፈችለት።

«አንተ ተኛላቸው፣» አለችው። በሦስት ዓመት ውስጥ አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

ሰዉ ሣጥኑን ተሸክሞ መንገዱ ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነበር። ከፊት እንድትሆን መንገድ ለቀቁላትና ኮረብታውን መውጣት ጀመሩ። ከይንዌን ክንዷን ያዘቻት።

«አሁን የት ልትገቢ ነው?»

«ኢድዋል ቤት። ለኔ ነው የተወው።»

«ያ የሲሚንቶ ቤት? ምን ያለ አስቀያሚ ቤት እኮ ነው፣ ቴግዌን።»

«አስቀያሚ ነው፣» አለች ቴግዌን። «ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ይህን ብላ ጥቂት እርምጃ ሄደችና፣ ስለ ቤቷ ከዚያ ወዲያ መቻል አልሆነላትም፤ መንገዱ መሐል ቆማ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፣ ተሸካሚዎቹም ሣጥኑን ትከሻቸው ላይ እንደያዙ እስክትጨርስ ቆሙላት።